ክንድ ከስንዝር

ካልጋሪ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አባይነህ፣
ደሴ

ከሁሉ አስቀድሜ በሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጦሳ ተራራ ብርድ አልጠናብዎትም? እኛ አምላክ ይመስገን፣ በረዶው ገና አልያዘንም፤ እስኪይዘን ድረስ ደህና ነን።

እኔ ይርጋለም ነኝ፣ የአጎትዎ ልጅ የባዘዘው ልጅ። ከረሱኝ፣ አሰብ ወደብ በር ላይ እየመጣሁ ከጆሮዎ ላይ እርሳስ የምነጥቅዎት ያቺ ቀጭን ልጅ ነኝ። ቅጥነቱ አሁን የለም። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሮሚ የምትባል ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አለችኝ፤ አባቷ ቶሮንቶ ነው፣ እሱን እንተወው።

አድራሻዎን የሰጠኝ የሺዋስ የሚባል የደብራችን ሰው ነው። ደሴ ደርሶ ተመልሶ፣ «አንድ የአሰብ ወደብ ጸሐፊ የነበሩ፣ ጆሯቸው የማይሰማ፣ ጽሕፈታቸው ግን እንደታተመ የሚያምር ሽማግሌ አሉ» ሲል አፌን ይዤ ቀረሁ። ስልክ ቢደወልም እንደማይሰሙ ነገረኝ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝና ፊደል ቢጎድል ያርሙልኝ፤ ማረም ይወዱ እንደነበር አልረሳሁም። ከፈቀዱ ለጆሮዎም የሚሆን መሣሪያ እዚህ አለ፣ እልክልዎታለሁ።

የምንኖረው ዶቨር የሚባል ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። እኔ የምሠራው እንጨት ፋብሪካ ነው፣ የጣሪያ ወራጅ የሚገጣጠምበት። ነዳጁ ዋጋ ስላወጣ ሀገር ምድሩ ቤት ይሠራል፤ ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ጣሪያ ይዞ ይታያል። ሰው ጠፍቶ አለቃችን መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ነገ መጀመር ትችላለህ?» ሳይል አይቀርም። ሞራሌ የምንለውን እነሱ «ቱ ባይ ፎር» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ እሱን ስደረድር እውላለሁ፤ ወገቤ ማታ የኔ አይደለም። ግን ጋሼ፣ መጋዙ ሲገባበት የሚወጣው ሽታ! የመጀመሪያ ቀን ሲሸተኝ ቆሜ ቀረሁ። የአባቴ ሸሚዝ ነው። የዓሣ ዘይቱ ብቻ ነው የጎደለው።

ወደ ነገሬ ልግባ። እማዬ፣ ጥሩወርቅ፣ ከኔ ጋር ናት፤ ከመጣች ስምንት ዓመቷ። ልቧ ደክሟል፣ እግሯ ውሃ ይቋጥራል። ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም፤ ብቻ ቀስ ብሎ ነው ያወራኝ፣ እነሱ ቀስ ሲሉ ደግሞ ይገባኛል። እሷም ገብቷታል መሰለኝ ሳልቆርብ አልሄድም ብላ ቀሲስ ቴዎፍሎስን አስጠራች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«እናቴ፣ የተቀየሙት ሰው አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ያስቡ።»

«አንድ አለ።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አርባ አንድ ዓመት ሊሞላ ነው።»

ቀሲስ፣ «እናቴ፣ እኔ ራሴ አርባ አልሞላኝም እኮ» አሉ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ። ስቀው ሲያበቁ ግን ሳይታረቁ አይሆንም አሏት።

ያ ሰው እርስዎ ነዎት። አባቴ የጠፋባትን መርከብ፣ ሰላማን፣ ከልክ በላይ ያስጫናት አባይነህ ነው ብላ ይኸው እስከዛሬ ስምዎን በቤታችን አታስጠራም። አሁን ግን እንዲህ ትላለች፦ «አጠፋሁ ይበለኝ። አንዲት ቃል። እኔም ይቅር እለዋለሁ፣ እቆርባለሁ።»

ጋሼ፣ ያቺን ቃል ይጻፉልኝ። እግረ መንገድዎን ስለ መርከቧም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ የማውቀው ሽታዋን ብቻ ነው።

እግዜር ዕድሜዎን ከጉልበት ጋር ያርግልዎ።

ልጅዎ ይርጋለም ባዘዘው


ደሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጋለም ባዘዘው፣
ካልጋሪ

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከተጻፈ በአርባኛው ቀን ገደማ ደረሰኝ። መልሱን የዘገየሁት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሦስት ፊደል ብቻ ስተሻል፤ አርሜ አስቀምጬዋለሁ።

የእርሳሷን ሌባ እንዴት እረሳለሁ? አሰብን ጥለን ከወጣን በኋላ ደሴ ቀረሁ። ጎረቤቴ ትግስት የምትባል ደግ ሴት ናት፣ የምትበላውን ታካፍለኛለች። የጆሮ መሣሪያውን አትድከሚበት። ሠላሳ ዓመት የመርከብ ጥሩምባ ጠጥቶ የደነቆረ ጆሮ ነው፣ አሁንስ ምን ሊሰማ ይፈልጋል?

ስለ ሰላማ ጠየቅሽኝ። እሷስ ደስ የምትል ወሬ ናት።

ሰላማ ከየመን ጠረፍ፣ ኾኻ ከምትባል መንደር የተሠራች ባለሁለት ምሰሶ ሳምቡክ ነበረች። ርዝመቷ ሠላሳ ክንድ። ሞተር አታውቅም፤ የምታውቀው ሸራ ነው። በበጋ ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ከኤደን ጣውላ ጭና ወደ አሰብ ትመጣለች፤ በክረምት ነፋሱ ሲገለበጥ ደግሞ ከደሴቶቹ ረግረግ የተቆረጠ አጣና ይዛ ትወርዳለች። የአሰብ ግማሽ ቤት በእሷ ጀርባ የመጣ ነው። ሆዷን በዓመት ሁለት ጊዜ አሸዋ ላይ አስተኝተው በሻርክ ዘይትና በኖራ ይቀቧታል። የአባትሽ ሸሚዝ ላይ የሸተተሽ እሱ ነው።

ባዘዘው አናጢዋ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ መርከበኞች ክርስቲያኑ እሱ ብቻ። በዚያ የመጨረሻ ታኅሣሥ እነሱ ረመዳን ይዘው፣ እሱ የነቢያትን ጾም ይዞ፣ ናኹዳው፣ የመርከቧ አዛዥ ማለት ነው፣ «የራበው መርከብ ቀሎት ይሄዳል» እያለ ይስቅ ነበር። ከላይ የሚጫነውን ጣውላ የሚያስረው አባትሽ ነው። የእሱን ቋጠሮ በቢላዋ ካልሆነ በቀር ከእሱ ሌላ የሚፈታው አልነበረም። መርከበኛ ሁሉ ያለ ኪራይ የራሱን ጥቂት ዕቃ የመጫን መብት ነበረው፦ ስኳር፣ ቴምር፣ ጨርቅ። ባዘዘው ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ድርሻውን ለጓደኞቹ ሲተው አይቻለሁ።

ያን ጊዜ የእኔ ሥራ፣ በበጋው ወራት ኤደን ተቀምጦ ለጣውላው ነጋዴ መቁጠርና መለካት ነበር፤ በክረምት አሰብ እመለሳለሁ። ሰላማ ስትጫን ጠርዟ ላይ በደረቴ ተኝቼ እጄን ወደ ውሃው እዘረጋለሁ። ከጠርዟ እስከ ውሃው ክንድ ከስንዝር መኖር አለበት። ክንዱ ለተራ ማዕበል ነው። ስንዝሩ ለማይታወቀው። ናኹዳው ከእኔ ክንድ በቀር አያምንም ነበር።

ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ስትጠፋ ከአሥራ ሁለቱ ዓሊ የሚባል አንድ መርከበኛ ብቻ ተረፈ። እሱም አሁን የለም።

ስለ ሌላው ጥያቄሽ፣ ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይበጅም። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ምሕረቱን ያውርድላት።

አባይነህ


ካልጋሪ፣ ጥር 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፣

እንደምን ከርመዋል? እንኳን ለልደቱ አደረሰዎት። እኛ በዓሉን ሆስፒታል ነው ያሳለፍነው። እማዬ ውሃው ወደ ሳንባዋ ወጥቶ አሥር ቀን ተኛች። ትናንት ይዣት መጣሁ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው፤ በራፉ ላይ ፓርክ አድርጌ፣ እኔና ሮሚ እንደ ጣውላ በሁለት ጫፍ ይዘን አስገባናት። «ቀስ በሉ፣ እሰበራለሁ» ትላለች፤ መሳቋ ነው።

ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባቴ ቋጠሮ ያሉትን ስደርስ ሥራ ቦታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት፤ ሱፐርቫይዘሯ «ዩ ኦኬ?» ብላ በሩን ስትመታ «ሽንኩርት ነው» አልኳት። እንጨት ፋብሪካ ውስጥ ሽንኩርት! ግን ዘይትና ሸራው እግረ መንገድ ነበር። አንድ ቃል ነው የጠየቅኩት። እርስዎ ዙሪያውን ዞረው ዞረው በሩ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ።

እማዬ፣ «ጻፈ?» አለችኝ።

«ጽፏል።»

«ምን አለ?»

«ስለ መርከቧ ጻፈ።»

«ስለ መርከቧማ እኔም አውቃለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሮሚን ያውቋታል? አያውቋትም እንጂ፣ ይችው ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ «ማሚ፣ ጀስት ሶሪ ብሏል በያት። ሃው ዉድ ሺ ኖው?» በምን ታውቃለች ማለቷ ነው። ጆሮዋን አልቆነጥጥ ነገር ትልቅ ሰው ሆነች። «በውሸት ልታቆርቢያት ነው?» አልኳት። «አይ ሚን፣ እንድትድን» አለች። መቁረብና መዳን አንድ ይመስላታል፣ ምናልባት እሷም አልተሳሳተች ይሆናል።

ደግሞ ሌላ አለ። አከራያችን ቤቱን ሊሸጠው ነው፣ እስከ ሐምሌ ልቀቁ ብሎናል። ሬንት በአንድ ዓመት ሰማይ ወጥቷል፤ ጋራዥ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ ስልዎት። ወሬውን ለእማዬ ደብቄ ነበር፣ ሮሚ አመለጣት። እማዬ አልደነገጠችም። «ነዳጅ የመጣበት አገር እንዲህ ነው» አለች። «አሰብ ላይ ማጣሪያው ሲሠራ ለመሐንዲሶች እያከራዩ እኛን ከቤት ቤት አንከራተቱን። አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት።» ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ቀኑን ሙሉ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ዋለች።

እኔ ደክሞኛል ጋሼ። ጠዋት ጣውላ፣ ማታ ቢሮ ማጽዳት፣ በመሐል መድኃኒት። መኪና ውስጥ ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ከኋላ ጥሩምባ ነው የቀሰቀሰኝ። እርስዎ ጥፋትዎ ከነበረ፣ እኔ በበኩሌ ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ወጣት ነበሩ፣ ሥራ ነው፣ የነጋዴ ትእዛዝ ነው። ካልነበረም አልነበረም ይበሉኝና ለቀሲስ ልንገራቸው። ቀኑ እያለቀ ነው። የሷ ቀን ማለቴ ነው።

ይርጋለም


ደሴ፣ የካቲት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይርጋለም፣ ይህን ለእናትሽ አንብቢላት። ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አትጠይቂኝ።

ለእኅቴ ለጥሩወርቅ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1958 ዓ.ም. ጠዋት፣ ኤደን መዓላ ወደብ ላይ ሰላማ ተጭና አለቀች። ተኝቼ ለካሁ፤ ክንድ ከስንዝር ነበር። ከዚያ በኋላ የነጋዴው ዕቃ ስለተረፈ፣ አሥራ ስምንት እስር ጣውላ ከላይ አስጨመርኩ። ባዘዘው «ይበቃል» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ናኹዳው ሲጠይቀኝ «ልኳ ነው» አልኩት።

ስንዝሩን የበላሁት እኔ ነኝ። አጠፋሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።

አባይነህ


ካልጋሪ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ አባይነህ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ተኝታለች፤ ትንፋሿ አጭር ነው፣ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። ሁሉንም በተራ ልንገርዎ፣ እርስዎ መስማት ስላልቻሉ ቢያንስ ያንብቡት።

ደብዳቤዎ በደረሰ ቀን ከሥራ በጫማዬ ገብቼ፣ እንጨቱ ገና ጸጉሬ ላይ እያለ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። «አጠፋሁ» የሚለውን ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩት። ጨረስኩ። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።

«ስንት ነው ያለው?»

«ምኑ?»

«እስሩ።»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ብሎ ነው የጻፈው? በቁጥር ነው በፊደል?»

«በፊደል። አሳምሮ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ሞኝ» አለች። «ሞኝ አባይነህ። ሁሉን ነገር ዋሽቶ ቁጥሩን መዋሸት አቃተው።»

ጋሼ፣ የቆጠረችው እሷ ናት። ከመርከቧ መሄድ በፊት አሰብ ላይ አራተኛው አከራይ ውጡ ሲላት፣ ጨው ማምረቻው ዳር አንዲት ቁራጭ መሬት ለምና አግኝታ ኖሯል። ቦታውን በሲባጎ ለካችው። ለግድግዳው ይህን ያህል፣ ለጣሪያው ይህን ያህል እያለች በየእስሩ አንድ አንድ ቋጠሮ ቋጠረች፤ አሥራ ስምንት ቋጠሮ። ከኤደን ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ በርካሽ እንደሚገኝ ሰምታለች። ሲባጎውን ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ፣ «ጥሩዬ፣ ድርሻ ማለት እኮ ሁለት ኩንታል ስኳር ነው እንጂ ቤት አይደለም» አላት። እሷ ምን አለችው መሰለዎ? «የሰው ሚስት ስኳር ትሸጣለች፣ የሰው ሚስት ጨርቅ ትሸጣለች። አንተ ለሰው ጣሪያ ስትጭን ሰባት ዓመትህ፤ እኔ ከነልጄ መንገድ ላይ ነኝ። ወንድ ከሆንክ ይዘኸው ና።»

«የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው» አለችኝ። «ወንድ ከሆንክ።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የለመነችው አንድ ነገር ነው። ያ ትርፍ ጭነት የነጋዴው እንዲሆን። የእርስዎ ጥፋት እንዲሆን። እርስዎን ስትጠላ ሲባጎው የለም። አሥራ ስምንት ሲሉ ግን ሲባጎው መጣ።

«ስልኩን ስጪኝ» አለች።

«እማዬ፣ ጋሼ አይሰሙም እኮ።»

«እንዲሰማኝ አይደለም የምናገረው።»

የሺዋስ የትግስትን ቁጥር ነበረው። ያን ቀን ትግስት ስልኩን ጆሮዎ ላይ አድርጋ እንደያዘችልዎት ነግራኛለች። እማዬ ከእኔ ሳትደበቅ ነው የተናገረችው፤ አትጻፊለት ብትለኝም ግማሹን ልጻፍ። «አባይነህ» አለች፣ «ስንዝሩን የበላሁት እኔ ነኝ። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ተሸከምክልኝ፣ እኔ ደግሞ ላይህ ላይ ጨመርኩብህ። አሁን አውርደው። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።» እርስዎም ከወዲያ በዚያ በደነቆረ ሰው ጩኸት «አቤት! አቤት ጥሩዬ!» ሲሉ ቤቱ ሙሉ ሰማ። ሮሚ ሳትቀር አለቀሰች፤ «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» ምን አለ ትላለች ደግሞ፣ ከሁለት ቃል ሌላ ያለ ይመስል።

በማግስቱ ቀሲስን አስጠርታ በሩን ዘጉ። አንድ ሰዓት ቆዩ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በዊልቸር ይዘናት ሄደን ቆረበች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ እንደ ሙሽራ።

አሁን ግን አታወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ነቅታ፣ «ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር የሚሆነው» አለች። እንደገና ተኛች።

እኔ እሑድም ሺፍት ይዣለሁ። ለቤት መያዣ የሚሆን ነገር ካላጠራቀምኩ ከሐምሌ በኋላ የት እንገባለን? አለቃው ደግሞ «ይርጋ፣ ፕሊስ» ይላል፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች ሁሉ ወደ ነዳጁ ሥራ ሄደው አልቀውበታል። ከእሑድ ቅዳሴ ከቀረሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። የእማዬ ቁርባን ለሁለታችን ይበቃን እንደሆን እንጃ።

እውነቱን አንዴ ይጻፉልን ጋሼ። አሁን የሚደበቅላት ነገር የለም።

ልጅዎ ይርጋለም


ደሴ፣ ግንቦት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጋለም፣ ከእርሷም ጋር ለጥሩወርቅ፣

የትንሣኤው ብርሃን አይለያችሁ።

ጽሕፈቴ ተበላሽቷል። ትግስት «እኔ ልጻፍልዎ» ብትለኝ እምቢ ብያለሁ። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጨርሰው።

እውነቱ ይኸው ነው። ባዘዘው ሲባጎውን ይዞ መጣ። አሥራ ስምንቱን እስር ቀድሞ ገዝቶ ወደቡ ላይ ደርድሯቸዋል፣ የሰባት ዓመት ላቡ ነው። «አባይነህ፣ ዛሬ ስንዝሩን ለእኔ ቤት ተውልኝ» አለኝ። እኔም እምቢ ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ብል ናኹዳው አይነሳም። ግን ፊቱን አየሁት፤ በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ነው። ተጫኑ። ተኝቼ ለካሁ። ክንድ ነበር፣ ስንዝሩ የለም። ተነስቼ «ልኳ ነው» አልኩ። በፊተኛው ደብዳቤ «ልኳ ነው» አልኩት ማለቴ እውነት ነው፤ የዋሸሁት ናኹዳውን ነው። እንግዲህ የጠየቀች አለች፣ የጫነ አለ፣ የለካ አለ። ጥሩወርቅ ብቻዋን እንድትይዘው አልፈቅድም።

ሌላ ደግሞ አለ። ዓሊ፣ የተረፈው፣ ነግሮኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ጣውላው የማን እንደነበር ይታወቅ ነበርና። ነፋሱ ባሰ፣ ውሃ ከታች መግባት ጀመረ። ናኹዳው ከላይ ያለው ጭነት ይጣል አለ። ቢላዋውን የያዘው ባዘዘው ነው። ዓሊ «የነጋዴውን ጣል» ብሎ ጮኸበት። ባዘዘው ግን የጀመረው ከራሱ ነው። አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ ወደ ባሕር ሰደዳቸው፣ ቋጠሯቸውን ሳይፈታ፣ ማሰሪያቸውን ብቻ ከመርከቧ እየቆረጠ። ሰላማ ስንዝሯን አግኝታ ትንሽ ቀና አለች አለኝ። የሰመጠችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ማታውን፣ ወለሏ ተከፍቶ። የዚያች ቤት ጣውላ ያን ጊዜ ላይዋ ላይ አልነበረም።

ዓሊ ከአሰብ በስተደቡብ፣ ራሃይታ ጠረፍ ላይ የወጣው በሁለተኛው ቀን ነው። የወጣበትም ከእነዚያ እስሮች አንዱ ነበር፤ የባዘዘው ቋጠሮ አልተፈታም ነበር። ዓሊ ከዚያ በኋላ ሰባት ልጆች ወልዷል። ቁጥሩን አልነካሁትም፤ ሰባት ናቸው።

ስለ ስልኩ፣ ምንም አልሰማሁም። አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ሞቀኝ እንጂ። ትግስት «እርሷ ናት» ብላ በእጇ ምልክት ስትሰጠኝ «አቤት» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ዝም እንዳልል ፈርቼ ደጋገምኩት። ትግስት ግን «ጋሼ፣ በየቦታው ነው ያሉት፣ ልክ እሷ ባረፈች ቁጥር» አለችኝ።

አንቺ ልጄ፣ ከአንድ ለኪ ሽማግሌ አንድ ነገር ስሚ። የእሑዱን ሥራ ለአለቃሽ መልሺለት። ሌላውን ቀን እስከ ጠርዝሽ ጫኚ፣ አልከለክልሽም፣ ቤት መኖር አለበት። ያቺ ቀን ግን ስንዝርሽ ናት።

ጥሩወርቅ ካለች ይህን አንብቢላት። ይህ ወረቀት ሳይደርስ ከሄደችም፣ ሄደሽ ራስጌዋ ቆመሽ አንብቢላት። እኔ ሳልሰማ እንደነገረችኝ፣ እሷም ሳትሰማ ይነበብላት። እኔ በየቦታው አቤት እላለሁ።

አባይነህ